ጡረታና መልሶ መቅጠር፦ ሕጉ ምን ይላል፣ ክርክሩስ የቱ ላይ ነው?

«ጡረታ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ልጅ ያረጁ ወላጆቹን ሲያበላ፣ ሲያለብስና ሲያስታምም ጦራቸው ይባላል። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ምርቃታችንም ከዚሁ የመጣ ነው። ዘመናዊው የመንግሥት ሥራ ሲመጣ ሠራተኛው ጉልበቱንና ዕድሜውን የሚያፈሰው በእርሻው ላይ መሆኑ ቀርቶ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ሆነ። በዚያው ልክ የጧሪነቱ ኃላፊነት በከፊል ከልጅ ወደ መንግሥት ተሸጋገረ። ስለዚህ ጡረታ ቃሉም ሆነ ሕጉ የሚነግረን ስለ አንድ ውለታና ስለ አንድ ቃል ኪዳን ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕግ አገልግሎት ውስጥ ስሠራ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጡረታ ወጡ። ሁላችንም «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። እንደ ደንቡ ገንዘብ አዋጥተን ጋቢና የእጅ ሰዓት ገዛንላቸው። ለስላሳና ዳቦ ቀረበ፣ ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረጉ፣ ፎቶግራፍ ተነሣን። በቦታቸው የተመደበው ወጣት ዲፕሎማ ነበረው። ነገር ግን ጋሼ ከመሄዳቸው በፊት ስለ መዝገቦቹ አቀማመጥ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ስድስት ወር ሳይሞላ መሥሪያ ቤቱ በአንድ የቤት ክርክር ተከሰሰ። ለመልሳችን መሠረት የሚሆነው ፋይል ጠፋ። ሁለት ሳምንት ተፈለገ፣ አልተገኘም። በመጨረሻ መኪና ተልኮ ጋሼ ከቤታቸው መጡ። ኮታቸውን አውልቀው መደርደሪያዎቹ መሐል ገቡና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ፋይሉን አቧራውን እያራገፉ ይዘውት ወጡ። በሳምንቱ የስድስት ወር ኮንትራት ፈረሙ።

የጋሼን ታሪክ ቀሪ ክፍል በስተመጨረሻ እመለስበታለሁ። እስከዚያው ግን በየመሥሪያ ቤቱና በየሻይ ቤቱ የሚነሣውን ክርክር በቅደም ተከተል እንየው። አንዱ ወገን «ልምድ ያለው ሰው በዕድሜው ብቻ ለምን ይባረራል?» ይላል። ሌላው «ስንት ሥራ አጥ ወጣት ባለበት አገር ጡረተኛ ለምን ይመለሳል?» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም የሚናገሩት ብዙ ጊዜ ሕጉን ሳያዩ ነው። በበኩሌ መጀመሪያ ሕጉን ባስቀምጥና ከዚያ ወደ አስተያየቴ ብሄድ የሚሻል ይመስለኛል።

ሕጉ ከየት ተነሣ?

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በተደራጀ መልክ ሥር የያዘው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ በ1955 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ነው። ይህ አዋጅ በየጊዜው እየተሻሻለ በደርግ ዘመንም አልፎ አርባ ዓመት ያህል አገለገለ። በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 345 ተተካ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት አዋጆች በአንድ ጊዜ ወጡ። አዋጅ ቁጥር 714 ለመንግሥት ሠራተኞች ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 715 እስከዚያ ድረስ ከሥርዓቱ ውጭ ለነበሩት የግል ድርጅት ሠራተኞች ነው። በ2014 ዓ.ም. እነዚህም በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተክተዋል።

የመዋጮው መጠንም አብሮ ተለውጧል። በ1995ቱ አዋጅ ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ 6 በመቶ ያዋጡ ነበር። የ2003ቱ አዋጅ ይህን በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ አድርጎ የሠራተኛውን 7 በመቶ፣ የመሥሪያ ቤቱን 11 በመቶ አደረሰው። ለመከላከያና ለፖሊስ አባላት የአሠሪው ድርሻ ከዚህ እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ 25 በመቶ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ጡረታ ችሮታ አይደለም። ሠራተኛው ለሠላሳ ዓመት በየወሩ ከደሞዙ ሲቆረጥበት የኖረ፣ አሠሪውም በእሱ ስም ሲያስገባ የኖረ ገንዘብ ነው። ጡረተኛው ባንክ ቤት ሰልፍ ይዞ የሚቀበለው አበል ትናንት ያልተከፈለው የደመወዙ ክፍል ነው ማለት ይቻላል።

አበሉ እንዴት ይሰላል?

የመደበኛው ጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። አበል ለዘለቄታው ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ስሌቱ የሚነሣው ከጡረታ በፊት ከነበሩት የመጨረሻ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የአማካዩ 30 በመቶ ይያዛል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

በምሳሌ እንየው። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 30 በመቶ ሲደመር 25 በመቶ፣ በድምሩ 55 በመቶ ያገኛል። አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር ከሆነ አበሉ 3,300 ብር ነው። ጣሪያው ላይ ለመድረስ ደግሞ 42 ዓመት ማገልገል ይጠይቃል። ይህ ማለት በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድም ቀን ሳያቋርጥ እስከ 60 ዓመቱ የሠራ ሰው ብቻ ነው 70 በመቶውን የሚያየው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ በ25 ዓመቱ ሥራ የጀመረ ሰው 35 ዓመት ቢያገለግል የሚደርሰው 61.25 በመቶ ነው።

የሦስት ዓመቱ አማካይ ሌላም መዘዝ አለው። አንድ ሰው ለሁለት ዓመት 6,000 ብር፣ የደመወዝ ማሻሻያ ተደርጎ በመጨረሻው ዓመት 9,000 ብር ሲከፈለው ነበር እንበል። አማካዩ 7,000 ብር ነው። የ30 ዓመት አገልግሎት ካለው አበሉ 3,850 ብር ይሆናል። ይህ በወረቀት ላይ 55 በመቶ ይባል እንጂ ሰውየው በመጨረሻው ወር ከተቀበለው ደመወዝ ጋር ሲተያይ 43 በመቶ እንኳ አይሞላም። ደመወዝ በተሻሻለ ማግስት የወጣ ሠራተኛ፣ አጠገቡ ተቀምጦ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራ ከነበረውና ከሦስት ዓመት በኋላ ከሚወጣው ባልደረባው በእጅጉ ያነሰ አበል ይዞ ይቀራል። በ2017 ዓ.ም. የተደረገውን የደመወዝ ማሻሻያ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

አበሉ ከገበያ ዋጋ ጋር በራሱ አብሮ አይነሣም። ማሻሻያ የሚመጣው በመንግሥት ውሳኔ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። የጡረታ ፈንዱ ገንዘብ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በዋናነት የዋለው ወለዱ ከዋጋ ንረት እጅግ በሚያንስ የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ነው። ጡረተኛው በሁለት በኩል ተጎዳ ማለት ነው፤ በእጁ ያለው ብር ሲረክስ፣ የተጠራቀመለትም አብሮ ረከሰ።

ለአንባቢ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮችን በዚሁ ልጥቀስ። አንደኛ፣ ለጡረታ የሚያዘው ዕድሜ ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር በሞላው ቅጽ ላይ የተመዘገበው ነው። ጡረታው ሲቃረብ «ዕድሜዬ በስህተት ተጽፎ ነው» ማለት ብዙም አያስኬድም። ወጣት ሠራተኞች ቅጽ ስትሞሉ ተጠንቀቁ። ሁለተኛ፣ ባለ አበሉ ሲሞት መብቱ አብሮት አይቀበርም። የትዳር ጓደኛ የአበሉን ግማሽ ታገኛለች፣ ወይም ያገኛል። ለልጆችና ይጦሩ ለነበሩ ወላጆችም ድርሻ አላቸው። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ዘንድ መሄድ ይችላል።

ማራዘምና መልሶ መቅጠር አንድ አይደሉም

ክርክሩን የሚያደናግረው ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው።

የመጀመሪያው አገልግሎት ማራዘም ነው። ሠራተኛው 60 ዓመት ሲሞላው ከሥራ ሳይሰናበት በዚያው ይቀጥላል። ደመወዙን ያገኛል እንጂ ገና ጡረተኛ አልሆነም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ይህን ሲፈቅድ፣ በአንድ ጊዜ ከአምስት ዓመት ያልበለጠ፣ በጠቅላላው ከአሥር ዓመት የማያልፍ ብሎ ገደብ አበጅቶለት ነበር። ቅድመ ሁኔታዎችም አስቀምጧል። የሠራተኛው ትምህርትና ልዩ ችሎታ ለመሥሪያ ቤቱ አስፈላጊ መሆን አለበት። በደረጃ ዕድገት፣ በዝውውር ወይም በአዲስ ቅጥር ተተኪ ማግኘት ያልተቻለ መሆን አለበት። ሠራተኛው ለሥራው ብቁ መሆኑ በሐኪም መረጋገጥ፣ እሱም መስማማት አለበት። ጥያቄውን የሚያጸድቀውም ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ያለ የሲቪል ሰርቪስ አካል ነው። ይህ አዋጅ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1064፣ ያም በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1353 ተተክቷል። እኔ ቅድመ ሁኔታዎቹን የጠቀስኳቸው በሕግ አውጪው ዘንድ የነበረውን ሐሳብ በግልጽ ስለሚያሳዩ ነው። መርሑ ጡረታ መውጣት ነው፤ መቆየት ልዩ ሁኔታ ነው፤ ልዩ ሁኔታውም በማስረጃ የሚረጋገጥ ነው።

ሁለተኛው መልሶ መቅጠር ነው። ሠራተኛው ጡረታ ወጥቶ፣ አበሉ ተወስኖለት፣ ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ በኮንትራት ሲጠራ ማለት ነው። የጋሼ ጉዳይ ይህ ነበር። በዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ በሐኪሞች፣ በመሐንዲሶችና በሂሳብ ባለሙያዎች ዘንድም የተለመደ ነው። ኮንትራት በባሕርዩ አጭር ነው። የሚታደሰውም የማይታደሰውም በአለቃው ፈቃድ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

«ወንበሩን ልቀቁልን»

የሁለቱንም ወገን ክርክር በቅንነት ላስቀምጥ።

መልሶ መቅጠርን የሚቃወሙት ሦስት ነገር ያነሣሉ። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲ የሚወጣው ወጣት ሥራ ይፈልጋል። አንድ ሰው ከአንድ ካዝና አበልም ደመወዝም መውሰዱ ፍትሐዊ አይደለም። ሽማግሌው እስካለ ድረስ ተተኪ አይፈራም። ሦስቱም ቁም ነገር አላቸው። በሌላ አገርም ቢሆን ጥያቄው ተነሥቷል። ለምሳሌ በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ጡረተኛ መልሶ ሲቀጠር በመርሕ ደረጃ የአበሉ መጠን ከደመወዙ ላይ ይቀነሳል። ሁለቱንም በሙሉ እንዲያገኝ የሚደረገው በልዩ ፈቃድ ነው።

የሚደግፉት ደግሞ እንዲህ ይላሉ። የ1955ቱ አዋጅ ሲወጣ የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ 40 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ65 በላይ ነው። እርግጥ አማካዩን ዝቅ አድርጎት የነበረው የሕፃናት ሞት ነው። ሆኖም ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ በአብዛኛው ብርቱ ነው። አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ወይም አንድ ፕሮፌሰር ለማፍራት ከሃያ ዓመት በላይ ይፈጃል። ያን ሰው በልደት ቀኑ ማሰናበት ብክነት ነው።

እኔ የምለው ሁለቱም ወገን አንድ ነገር ዘንግተዋል ነው። ጡረተኛው ለምን መመለስ ይፈልጋል? ከማውቃቸው መካከል ሥራው ናፍቆት የሚመለስ አለ፤ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚመለሰው አበሉ ከቤት ኪራይና ከአንድ ኩንታል ጤፍ ጋር ስላልተመጣጠነ ነው። እንግዲህ የጡረታ አበል ክርክርና የመልሶ መቅጠር ክርክር ሁለት ሳይሆን አንድ ክርክር ነው። አበሉ የሚያኖር ቢሆን ኖሮ ተመላሹ መሥሪያ ቤቱ በእውነት የሚፈልገው ባለሙያ ብቻ ይሆን ነበር።

ዳኛ ለምን አይራዘምለትም?

ሕግ የተማረ ሰው እዚህ ላይ አንድ የሕገ መንግሥት አንቀጽ ማስታወሱ አይቀርም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 ዳኛ በሕግ ከተወሰነው የጡረታ ዕድሜ በፊት ያለ በቂ ምክንያት ከሥራው እንደማይነሣ ይደነግጋል። ያው አንቀጽ በንኡስ አንቀጽ 5 ሌላም ይላል፤ የዳኛ ጡረታ በሕግ ከተወሰነው ዕድሜ በላይ አይራዘምም።

ተማሪ ሳለሁ የመጀመሪያው ገብቶኝ ሁለተኛው ግር ብሎኝ ነበር። ዳኛን ከመባረር መጠበቅ መልካም፤ እንዲቆይ መፍቀድስ ምን ጉዳት አለው? መልሱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ዕድሜው 59 የሆነ ዳኛ «ይራዘምልህ፣ አይራዘምልህ» የሚለውን የሚወስን ባለሥልጣን ካለ፣ ያ ዳኛ በመጨረሻው ዓመት የሚጽፈው ፍርድ ሁሉ በዚያ ባለሥልጣን ጥላ ሥር ይወድቃል። ሕገ መንግሥቱ የቆረጠው የዳኛውን ዕድሜ ሳይሆን የልመናውን ገመድ ነው።

ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ዳኛ አይደለም፤ ለሁሉም ይከልከል አልልም። ነገር ግን የግብር ሠራተኛው፣ የግዥ ኮሚቴ አባሉ፣ የመሬት መዝገብ ያዡም እንደ ዳኛው ሁሉ «አይሆንም» ማለት የሚገባቸው ቀን አለ።

የጋሼ ሦስተኛው ኮንትራት

ጋሼ የመጀመሪያው ኮንትራታቸው አልቆ ታደሰ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ሊታደስ ሲል ግን አንድ ኃላፊ ቢሯቸው ጠሯቸው። አንድ ፋይል «ለጊዜው እንዳይገኝ» ፈለጉ። ጋሼ አልተቆጡም፣ አልተከራከሩም። «ፋይሉ በቦታው አለ፤ ቁጥሩም ይህ ነው» ብለው በወረቀት ጽፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡላቸው። ኮንትራቱ ሳይታደስ ቀረ።

ከወራት በኋላ ሰፈራቸው ሄጄ ቡና ስንጠጣ ስለዚህ ጉዳይ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ አልፈሩም?»

«ፈራሁ እንጂ ልጄ» አሉኝ። «ቋሚ ሳለሁ እምቢ ብል ደሞዜን የሚቀንስብኝ አልነበረም። ያን ዕለት ግን እምቢ ስል የሚስቴን የመድኃኒት ገንዘብ እያሰብኩ ነው።»

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለን። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው እየሳቀ ነው። እኔ ግን ይህን ተረት የሚያስተባብል አንድ ነገር ብቻ እንዳለ አምናለሁ፤ እሱም ሳይበላ የወጣ ሠራተኛ በእርጅናው የማይቆጭበት ጡረታ ነው። ወጣቱ ሠራተኛ ከፊቱ የሚያየው የጋሼን ኑሮ ነው። ንጹሕ ሆነው ሠላሳ ምናምን ዓመት ያገለገሉ ሰው ኮንትራት ሲለምኑ ካየ፣ ከሥነ ምግባር ሥልጠናው ይልቅ ተረቱን ቢያምን እንዴት እንፈርድበታለን?

ምን ይደረግ?

በእኔ አስተያየት አራት ነገሮች መታየት ይገባቸዋል።

1ኛ. አበሉን የማሻሻል ጉዳይ ለአንድ ሰሞን ውሳኔ የሚተው መሆኑ ቀርቶ ጊዜውና መለኪያው በሕግ ይታወቅ። ደመወዝ በተሻሻለ ቁጥር በሦስት ዓመቱ አማካይ የሚጎዱትን የሚክስ ዘዴም ይፈለግ።

2ኛ. መልሶ መቅጠር ለማራዘም የተቀመጠው ዓይነት ቅድመ ሁኔታ ይኑረው። ተተኪ መታጣቱ ይረጋገጥ፣ ክፍት ቦታው በማስታወቂያ ይውጣ፣ ውሳኔውም ለቅርብ አለቃ ብቻ አይተው።

3ኛ. የኮንትራቱ ዘመን ከመጀመሪያው በግልጽ ይወሰን። በየስድስት ወሩ የሚታደስ ኮንትራት ሠራተኛውን በየስድስት ወሩ ለማኝ ያደርገዋል። ሁለት ዓመት የሚያስፈልግ ከሆነ ሁለት ዓመት ይፈረም፣ ሲያልቅ ይብቃ። በኮንትራቱ ውስጥ ተተኪ ማሠልጠን እንደ ዋና ሥራ ይጻፍ።

4ኛ. ጡረታ የሚወጣ ሰው ከመውጣቱ አንድ ዓመት በፊት ተተኪው አጠገቡ ይቀመጥ። የጋሼ መሥሪያ ቤት ይህን አድርጎ ቢሆን ኖሮ መኪና መላክ ባላስፈለገው ነበር።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። አቅም ውስን መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የጡረተኛው ጥያቄ የእርዳታ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ሰባቱን በመቶ በየወሩ ከፍሏል።

እኔም ስድሳን ለመድፈን የቀሩኝ ዓመታት ጥቂት ናቸው። ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም። ባለቤታቸው የአበሉን ግማሽ እየተቀበሉ ይኖራሉ። ባለፈው ለሰላምታ ጎራ ስል ግድግዳው ላይ ያን የስንብት ቀን ፎቶግራፍ አየሁት። ሁላችንም ፈገግ ብለናል፤ ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን ጋሼ ትከሻ ላይ አድርገዋል። ያን ዕለት በንግግራቸው «ውለታዎን አንረሳም» ብለው ነበር። ውለታ የማይረሳው በንግግር ሳይሆን በሕግ ሲጻፍ ነው።

ቸር ይግጠመን።